ባንኮክ ላይ ልብስ የት ይገዛል? ፕላቲኒየም፣ ቻቱቻክ፣ ቦቤ፣ ልብስ ሰፊ ወይስ አውትሌት

ባንኮክ ውስጥ አንዱ ቀሚስ በሦስት ዋጋ ሲሸጥ ማየት ብርቅ አይደለም። ልዩነቱ የሚመጣው ከሻጩ ደግነት ወይም ከገዢው አንደበት አይደለም። ዋናው ነገር ገበያው ስንት ፍሬ ለሚገዛ ሰው እንደተዘረጋ ነው። ቦቤ በደርዘን ለሚያነሳ ነጋዴ ነው፤ ፕላቲኒየም ሦስትና አራት ፍሬ ለሚወስድ፣ ቻቱቻክ አንድ አንድ እየመረጠ ለሚዞር፣ ፓትፖንግ ደግሞ ነገ ተመልሶ ለማይመጣ ቱሪስት።

ስለዚህ «የት ይረክሳል?» ከማለት በፊት ሁለት ነገር መወሰን ይቀድማል። ከአንድ ዓይነት ልብስ ስንት ፍሬ ይፈልጋሉ? ሳይለኩት ገዝተው ልክ ባይሆን ይችሉታል ወይ? ዋጋው በወረደ ቁጥር መለኪያ ክፍል፣ መስታወትና «መልሼ ልቀይር» የሚባል ነገር አብረው ይጠፋሉ።

ከቤት ሲወጡ ሜትር ይያዙ

የልብስ ሰፊ ሜትር ከየትኛውም የመደራደር ብልሃት በላይ ገንዘብ ያድናል። ከመነሳትዎ በፊት በደንብ ልክዎ የሆነ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪና አንድ ቀሚስ አልጋ ላይ ዘርግተው ይለኩ፤ ከብብት ብብት፣ የትከሻ ስፋት፣ ርዝመት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የሱሪ የውስጥ እግር። ቁጥሩን በኢንችም በሴንቲ ሜትርም ስልክዎ ላይ ይያዙ። የታይ ነጋዴ ደረትና ወገብ የሚጠራው በኢንች ነው፤ ልብሱ ላይ በወረቀት ተጽፎ የሚያገኙት «36» ወይም «40» የሰውነት ዙሪያ ነው። ዘርግተው የለኩትን በሁለት ማባዛት አይርሱ።

ምልክቱ ላይ ያለውን ኤም እና ኤል አይመኑት። ለአገር ውስጥና ለእስያ ገዢ የተሰፋ ልብስ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ልክ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ቁጥር ያንሳል። «ፍሪ ሳይዝ» የሚሉት ደግሞ ለሁሉም ይሆናል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ደረቷ ከ36 እስከ 38 ኢንች ለሆነች ሴት የተሰፋ ነው፤ ወገቡ ላስቲክ ቢሆንም ትከሻውና ክንዱ አይለጠጥም። ዳሌ ላይ ሰፋ ለሚል ሰው ከወገብ በታች እየሰፋ የሚወርድ ቀሚስ ይሻላል፤ ቀጥ ብሎ የወረደ ጉርድ ሳይለኩ መግዛት ግን ገንዘብ መጣል ነው።

ፕላቲኒየምና ፕራቱናም

የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ አበባን ከባንኮክ በቀጥታ ስለሚያገናኝ ከመርካቶ የሚሄዱ ነጋዴዎች አካባቢውን አሳምረው ያውቁታል። ፕላቲኒየም ፋሽን ሞል ፔቻቡሪ መንገድ ላይ የቆመ፣ አየር ማቀዝቀዣ ያለው፣ ከ2,000 በላይ ትንንሽ ሱቆች የታጨቁበት ሕንፃ ነው። ከሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣው ባቡር ራቻፕራሮፕ ላይ ያወርድዎታል፤ ከዚያ በእግር ነው። በቢቲኤስ (ከመንገድ በላይ በሚሄደው የከተማ ባቡር) የሚመጡ ደግሞ ቺት ሎም ወርደው በእግረኛ ድልድዩ ሩብ ሰዓት ገደማ ይራመዳሉ። በታክሲ መምጣት ግን አይመከርም፤ ፕራቱናም ላይ ሜትሩ የሚቆጥረው የቆሙበትን ጊዜ ነው።

የዋጋው አሠራር ቀላል ነው። ልብሱ ላይ ሁለት ዋጋ ይለጠፋል፤ የአንድ ፍሬና የሦስት ፍሬ። 250 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) የተባለው ቀሚስ ሦስት ሲሆን እያንዳንዱ 200 ሊገባ ይችላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሦስቱ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው ብለው ያስባሉ። አብዛኞቹ ሱቆች ከዚያው ሱቅ እስከተነሱ ድረስ ቀለምና ሞዴል ማቀላቀል ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹ ቀለም እንጂ ሞዴል አያቀላቅሉም። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋው ሳይሆን «ቀላቅዬ ሦስት ብወስድስ?» የሚለው ነው። ጓደኛ ይዞ መሄድም ያዋጣል፤ ሁለት ሰው ከአንድ ሱቅ ሦስት ፍሬ ቢያነሳ ሁለቱም በጅምላ ዋጋ ወጡ ማለት ነው።

ከጅምላው ዋጋ በታች መውረድ ግን እምብዛም አይቻልም። ሻጯ ትርፏን የያዘችው በብዛት እንጂ በአንዱ ፍሬ ላይ አይደለም፤ 200 ያለችውን በ100 ቢጠይቁ ፊቷን ወደ ስልኳ ትመልሳለች። ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ሲያነሱ ግን ከእያንዳንዱ 10 ወይም 20 ባት ማስቀነስ የተለመደ ነው።

ጉድለቱ መለኪያ ነው። አብዛኛው ሱቅ ማስለካት አይፈቅድም፤ ሊፕስቲክና ላብ ነጭ ልብስ ላይ ስለሚቀር ነው። የሚፈቅዱትም ከላይ ደርቦ ብቻ ነው። ስስ ካናቴራና የተጣበቀ ሱሪ ለብሶ የሄደ ሰው ጃኬትና ሰፊ ቀሚስ እላዩ ላይ ደርቦ ማየት ይችላል። ቅያሬ የሚፈቅድ ሱቅ ቢኖርም ለልክ ወይም ለቀለም እንጂ ገንዘብ አይመልስም። ከሱቁ ሳይወጡ የሱቁን ካርድ ይውሰዱ፣ የፎቁንና የመተላለፊያውን ቁጥር ፎቶ ያንሱ፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሱቅ ሦስተኛው ላይ ካለው ጋር መንታ ነው፣ ያለ ቁጥር አይገኝም።

ከሕንፃው ውጭ፣ ባዮክ ታወር ሥር ባሉት ጠባብ መንገዶች የተዘረጋው የፕራቱናም ገበያ ከፕላቲኒየም ትንሽ ይረክሳል። ቲሸርት፣ የልጆች ልብስ፣ የሌሊት ልብስና የዝሆን ሥዕል ያለበት ሱሪ እዚያ ይሻላል። ፋሽንና ጠራ ያለ ስፌት ከሆነ የሚፈልጉት ሙቀቱን አይቻሉ፣ ሕንፃው ውስጥ ይግቡ። መንገዱ ላይ የሚዞሩ ጠዋት በማለዳ ይሂዱ፤ ከቀትር በኋላ ጋሪውም ሰዉም ነጋዴውም በአንድ መንገድ ይጋፋል።

ቻቱቻክ፤ ቅዳሜና እሑድ

ቻቱቻክ በ27 ክፍሎች የተከፋፈለ፣ ከ15,000 በላይ ሱቆች አሉት የሚባል የሳምንት መጨረሻ ገበያ ነው። ለልብስ ዋናዎቹ ቀናት ቅዳሜና እሑድ ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት (በእነሱ ከ9 እስከ 18)። ረቡዕና ሐሙስ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ችግኝ ነው። በኤምአርቲ (በምድር ውስጥ ባቡሩ) ካምፔንግ ፔት ጣቢያ መውጫ 2 በቀጥታ ገበያው ውስጥ ያስገባል፤ በቢቲኤስ ሞ ቺት ወርደው የሚመጡ ትንሽ መራመድ አለባቸው። መሐሉ ላይ ያለው የሰዓት ማማ ቢጠፋፉ መገናኛ ነው።

ቻቱቻክ የሚመረጠው ለርካሽነቱ አይደለም። ተራ ቲሸርትና ሱሪ ከሆነ ፕራቱናም ያሸንፈዋል። እዚህ የሚመጡት ሌላ ቦታ ለሌለው ነገር ነው፤ ክፍል 2፣ 3 እና 4 አካባቢ ወጣት የታይ ዲዛይነሮች በራሳቸው ምልክት የሚሸጡትን የበፍታና የጥጥ ልብስ፣ ክፍል 5 እና 6 ደግሞ ልባሽ ልብስ ያገኛሉ። ዲዛይነሮቹ ጋ አብዛኛው ዋጋ የተቆረጠ ነው። ሁለት ሲወስዱ 10 በመቶ ከተቀነሰልዎ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ መግፋት የሠሪዋን የእጅ ሥራ ማርከስ ይሆናል።

ልባሹ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። የታይላንድ ሳልቫጅ ብዙው ሲመጣ የኖረው ከካምቦዲያ ድንበር፣ ሮንግ ክሉዋ ከሚባለው ገበያ ነው። በክምር የተዘረጋው በ50 እና በ100 ባት ይታፈሳል፤ በመስቀያ የተሰቀለው ግን ተመርጦ ስለሆነ ሌላ ዋጋ አለው። የድሮ የሙዚቃ ቡድን ቲሸርት ሺህ ባት ቢጠራ አይደንግጡ፣ ሰብሳቢ የሚፈልገው ዕቃ ነው። ለመልበስ የሚገዛ ሰው እዚያ ምንም ሥራ የለውም። ከልባሹ የሚያዋጣው ጂንስ፣ የጂንስ ጃኬትና ወፍራም ሸሚዝ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ብብቱን ወደ ብርሃን አዙረው ይዩ፤ ቢጫ ሆኖ የደረቀ ላብ በየትኛውም ሳሙና አይለቅም። የኮሌታውን እጥፋት ይግለጡ፣ ዚፑን ሦስት ጊዜ ይሳቡ፣ የወገቡን ላስቲክ ለጥጠው ይልቀቁ። ሲለጠጥ ከተንጫጫ ውስጡ ደርቋል፤ ሁለተኛው እጥበት ላይ ይበጠሳል። ጂንስ ላይ ምልክቱ 34 ቢል እንኳ በሜትር ይለኩት፣ በእጥበት ብዛት ሁለት ኢንች የገባ ሞልቷል።

ከቀኑ 5 ሰዓት በኋላ የቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ያለው ሙቀት ውሳኔ ያስቀይራል። ደክሞት «ይሁን በቃ» ብሎ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ገብቶ ቀትር ሳይሆን መውጣት፣ ካልሆነም አጠገቡ ያለው አየር ማቀዝቀዣ ያለው ጄጄ ሞል ገብቶ ማረፍ ይሻላል። ሌላው ደንብ፣ የወደዱት ነገር ካለ እዚያው ይግዙ። «ዞሬ እመለሳለሁ» ያሉበትን ሱቅ መልሰው ማግኘት የሚችሉት የክፍሉን፣ የመንገዱንና የሱቁን ቁጥር ከጻፉ ብቻ ነው።

ቦቤ፤ ደርዘን ለሚያነሳ

ክሩንግ ካሴም መንገድ ላይ ያለው ቦቤ የጅምላ ገበያ ነው። በሳን ሳብ ቦይ የሚሄደው ጀልባ ገበያው ደጃፍ ይቆማል። የሚሸጠው በአብዛኛው በደርዘን ወይም በጥቅል ነው፤ ጥቅሉ ውስጥ ልኩና ቀለሙ አስቀድሞ ተመድቧል፣ ሁለት ትንሽ፣ ሁለት መካከለኛ፣ ሁለት ትልቅ እየተባለ። ጥቅል ፈትቶ መምረጥ የለም። ነጠላ ፍሬ የሚሸጥልዎ ቢያገኙ እንኳ ዋጋው ከፕራቱናም ጋር እኩል ይሆናል፤ እዚህ ድረስ መምጣቱ ከንቱ ነው።

ለማን ይሆናል? ለቤተሰብ ሠርግ ወይም ለማኅበር አንድ ዓይነት ቲሸርት ለሚፈልግ፣ ለብዙ ልጆች የውስጥ ልብስና ካልሲ ለሚገዛ፣ ለንግድ ናሙና ለሚወስድ። ጠዋት ቀደም ብሎ መድረስ ነው፤ ከሰዓት በኋላ መዘጋጋት ይጀምራል። ናሙናውን በእጅዎ ይዘው ጥቅሉ ውስጥ ያለው ያው ጨርቅ መሆኑን ቢያንስ አንዱን አስፈትተው ያረጋግጡ። የሚያጋጥመው ችግር ናሙናው ጥጥ ሆኖ ጥቅሉ ከፖሊስተር መቀላቀሉ ነው።

የቱሪስት ገበያዎች

ፓትፖንግ የሌሊት ገበያ፣ ካዎ ሳን መንገድና የታላቁ ቤተ መንግሥት ዙሪያ አንድ ባሕርይ አላቸው፤ የመጀመሪያው ዋጋ የሚጠራው ፊትዎን አይቶ ነው። እዚያ ግማሽ ብሎ መጀመር ነውር አይደለም። ቤተ መንግሥቱና ቤተ መቅደሶቹ ጉልበትና ትከሻ ካልተሸፈነ አያስገቡም፣ በሩ ላይ ሱሪ የሚሸጡትም ይህንኑ ያውቃሉ። ያንኑ የዝሆን ሱሪ ከአንድ ቀን በፊት ፕራቱናም ላይ ከ100 እስከ 150 ባት ይዞ መምጣት ነው። ሁለት ይግዙ፤ ስስ ሬዮን ስለሆነ ቁጭ ሲሉ መቀመጫው ላይ ያለው ስፌት ይተረተራል።

ናሽናል ስታዲየም ጣቢያ አጠገብ ያለው ኤምቢኬ ከዝናብ መጠለያ ያህል ይጠቅማል። ልብሱ ብዙው ኮፒ ነው፤ ኮፒን ኮፒ ብሎ መግዛት አንድ ነገር ነው፣ በኦርጅናል ግማሽ ዋጋ መግዛት ግን መታለል ነው። የቡድሃ ምስል ያለበት ልብስ የትም ቢያገኙ ይለፉት፤ ለአገሬው ሰው ስድብ ነው።

ልብስ ሰፊ

ሱኩምቪት ላይ፣ ናና እና አሶክ አካባቢ፣ በየአሥር እርምጃው «በ24 ሰዓት ሙሉ ልብስ» የሚል ማስታወቂያ አለ። ሁለት ሙሉ ልብስ፣ ሁለት ሸሚዝና ክራቫት በአንድ ጥቅል ዋጋ። በ24 ሰዓት ሙሉ ልብስ ይሰፋል፤ ልክ የሚሆነው ግን በዕድል ነው። ምክንያቱ ኮቱ ውስጥ ነው። የኮት ፊት ቅርጹን የሚይዘው በጨርቁና በገበሩ መካከል በሚገባ ማጠንከሪያ ነው። ርካሹ አሠራር ማጠንከሪያውን በሙጫ ይለጥፈዋል፤ ላውንደሪ ደጋግሞ ሲገባ ሙጫው ይለቅና ደረቱ ላይ አረፋ የመሰለ ነገር ይነሳል። ጥሩው አሠራር ማጠንከሪያውን ቢያንስ ከደረት በላይ በክር ይይዘዋል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል፣ ይወደዳልም። በሱቁ ውስጥ ተሰቅሎ ካለው ኮት አንዱን ይዘው ከታችኛው ቁልፍ በላይ ጨርቁን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ይለያዩት። ሦስተኛ ንጣፍ በመሐል ሲንሸራተት ከተሰማዎት በክር የተያዘ ነው፤ ሁለቱ ብቻ ከሆኑና አንዱ ደረቅ ከሆነ ሙጫ ነው።

ጉዞዎ ከአምስት ቀን በታች ከሆነ ሙሉ ልብስ አያሰፉ፣ ሸሚዝ ያሰፉ። አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ካለዎት በመጀመሪያው ቀን ይለኩ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው በሰፊ ክር የተያዘውን ይሞክሩ፣ በአራተኛው ደግሞ ድጋሚ። ሁለት ሙከራ የማይሰጥዎ ቤት አይሆንም። ሲሞክሩ በመጀመሪያ ትከሻውን ይዩ፤ ስፌቱ ከትከሻዎ አጥንት ጫፍ ካለፈ ወይም ከኋላ አንገት ሥር ጨርቁ ከተጨማደደ አዲስ አበባ ላይ ማንም አያስተካክለውም። ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመትና የሱሪ እግር ግን የትም ይስተካከላል። ወገብና ሱሪ ስፌት ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ጨርቅ እንዲተዉልዎ ይጠይቁ፤ ሰውነት ይጨምራል። ግማሹን ቀብድ ይክፈሉ፣ ቀሪውን ለብሰው ካዩ በኋላ።

ጨርቁን ራስዎ ገዝተው መሄድ ሌላው ምርጫ ነው። ሳም ዮት ጣቢያ ወርዶ ፓሁራት፣ የሕንዶቹ ሰፈር፣ በሜትር ጨርቅ ይሸጣል፤ ቀጥሎ ያለው ሳምፔንግ ቁልፍ፣ ዳንቴልና ጌጣጌጥ። ለወንድ ሙሉ ልብስ 150 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ጨርቅ 3.5 ሜትር፣ ለእጅጌ ረጅም ሸሚዝ ከዚሁ ስፋት 2 ሜትር ገደማ ይበቃል። መስመር ወይም ካሬ ያለው ከሆነ ግማሽ ሜትር ይጨምሩ፣ መስመሩን ለማጋጠም ነው። አንዳንድ ልብስ ሰፊ የደንበኛ ጨርቅ አይቀበልም፤ ትርፉ ከጨርቁ ነውና አይቀየሙት።

የታይ ሐር ለሚፈልጉ፣ የፒኮክ ምልክት የመንግሥት ማረጋገጫ ነው። ወርቃማው ከፍተኛው ደረጃ ነው፣ ብርማው ይከተላል፣ ሰማያዊው «የታይ ሐር» ብቻ የሚባለው ነው፤ አረንጓዴው ሐር ከሌላ ክር ጋር መቀላቀሉን ይነግርዎታል። ምልክት ከሌለው አንድ ክር መዝዘው ያቃጥሉት። ሐር እንደ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈረፈራል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ዝግ ነው፣ በ20 ባት ከተማውን ላዙርህ» የሚል የቱክቱክ ሹፌር ደላላ ነው። የሚያደርስዎ ልብስ ሰፊ ቤትና የከበረ ድንጋይ ሱቅ ነው፣ ኮሚሽኑም ከእርስዎ ሂሳብ ላይ ይነሳል። ጥሩ ልብስ ሰፊ በራሱ እግር የሚመጣ ደንበኛ አለው።

ሞልና አውትሌት

ዓለም አቀፍ ብራንድ ታይላንድ ውስጥ የገቢ ቀረጥ ስላለበት አይረክስም። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመጣ ሰው ያንኑ ጫማ በሰፈሩ በተሻለ ቅናሽ ያገኘዋል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ግን ኦርጅናል መሆኑ ራሱ ዋጋ አለው። ሱቫርናቡሚ አጠገብ በ2019 የተከፈተው ሴንትራል ቪሌጅ እና በዓመቱ የተከተለው ሲያም ፕሪሚየም አውትሌትስ፣ ብራንዶች በቅናሽ የሚሸጡባቸው አውትሌቶች፣ ለመመለሻ ቀን ይመቻሉ፤ ለብሶ መለካት ይቻላል፣ ደረሰኝም አለ።

ደረሰኙ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ተመላሽ ይጠቅማል። ታክሱ 7 በመቶ ነው። ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን ቢያንስ 2,000 ባት መግዛት፣ ሲከፍሉ ፓስፖርት አሳይቶ ፒ.ፒ.10 የሚባለውን ቅጽ ማስሞላት፣ ዕቃውንም በ60 ቀን ውስጥ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሻንጣውን አስረክቦ መሄዱ ነው፤ ጉምሩክ ዕቃውን ያሳዩ ቢልዎ ሻንጣው ሄዷል። ሳያስረክቡ በፊት ጉምሩኩ ጋ ይሂዱ። የአገልግሎት ክፍያ ስለሚቀነስ 7ቱም በመቶ እጅዎ አይገባም። ደረሰኙ ላይ ዓመቱ ከ2500 በላይ ሆኖ ቢያዩ ስህተት አይደለም፤ የእነሱ ዘመን ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ይቀድማል። ገበያ ላይ ያሉ ሱቆች ይህን ቅጽ አይሰጡም።

ዋጋ ሲነጋገሩ

ድምፅ ከፍ አድርጎ መከራከር መርካቶ ላይ ጨዋታ ነው፤ ባንኮክ ላይ ሻጯን ማሳፈር ይሆናል፣ ድርድሩም እዚያው ያበቃል። ፈገግ ብሎ «ሎት ዳይ ማይ?» (ይቀነሳል ወይ?) ማለትና ካልኩሌተሩን መቀበል ይበቃል። ዋጋ ከጠሩና ከተቀበለችዎ ትቶ መሄድ ነውር ነው። ስለዚህ ለመግዛት ያልወሰኑትን ዕቃ ዋጋ አይጥሩ። ዋጋው አልወርድ ካለ ምርቃት ይጠይቁ፤ ካልሲ ወይም የፀጉር ማስያዣ ጣል ማድረግ ይቀላቸዋል። የዕለቱን የመጀመሪያ ሽያጭ የሸጠች ሴት ብሩን ይዛ የተሰቀሉትን ልብሶች አንድ በአንድ መታ መታ ስታደርግ ያያሉ፣ ቀኑ እንዲቀናት ነው። ለዚያች የመጀመሪያ ደንበኛ የሚቀነሰው ዋጋ ከሰዓት በኋላ አይገኝም።

ከመክፈል በፊት ጨርቁን ሦስት ነገር ያድርጉት። የረጠበ ነጭ ሶፍት በውስጥ በኩል ይሹበት፤ ቀለም ከያዘ ብቻውን ይታጠባል፣ ነጭ ያለበት ባለ ሁለት ቀለም ከሆነ ግን ይተዉት። የጎን ስፌቱን በሁለት እጅ ሳብ ያድርጉ፤ የመርፌው ቀዳዳ ከተከፈተና ብርሃን ካሳለፈ አይቆይም። ጨርቁን ጨምድደው ለአሥር ሰከንድ ይያዙ፤ ተጨማድዶ የቀረ ሬዮን ወይም በፍታ ነው፣ ሻንጣ ውስጥም እንዲሁ ይሆናል። ለአዲስ አበባ ክረምት የሚገዙ ደግሞ በ35 ዲግሪ ውስጥ ቆመው ሲመርጡ ሁሉም ነገር ወፍራም እንደሚመስል ያስታውሱ።

ገንዘብ

ገበያው የሚሠራው በጥሬ ገንዘብ ነው። የኪውአር ክፍያው በየሱቁ ቢለጠፍም በዋናነት የታይ ባንክ ሒሳብ ላለው ነው። የውጭ ካርድ ከኤቲኤም ባወጡ ቁጥር 220 ባት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚቆረጥ አንዴ በርከት አድርጎ ማውጣት ይሻላል፤ ማሽኑ «በዶላር ላስላልዎ?» ሲል እምቢ ይበሉ፣ ተመኑ የከፋ ነው። ዶላር የሚመነዝሩ ባለ 100 ኖት ይያዙ፤ ባለ 20 እና ባለ 10 ዝቅ ባለ ተመን ነው የሚቀየረው፣ የታጠፈና የተጻፈበት ደግሞ ይመለሳል። አውሮፕላን ማረፊያው አዳራሽ ውስጥ ለመጓጓዣ የሚሆን ብቻ ቀይረው ቀሪውን ከተማ ውስጥ፣ ፓስፖርት ይዘው። ባለ 1,000 ባት ኖት ይዞ የ100 ባት ቲሸርት መደራደር አይመችምና መጀመሪያ ሰቨን ኢለቨን ገብተው ውኃ በመግዛት ይዘርዝሩት።

ሻንጣና ካርጎ

ከመግዛትዎ በፊት ሚዛኑን ያስሉ። 23 ኪሎ ከተፈቀደ ሻንጣው ራሱ 4 ኪሎ ይበላል፣ 19 ይቀራል። አንድ ቲሸርት ወደ 180 ግራም፣ ስስ ቀሚስ ወደ 250፣ ጂንስ ወደ 700 ነው። ስለዚህ 19 ኪሎ ማለት 100 ያህል ቲሸርት፣ ወይም 27 ጂንስ ብቻ። ጂንስ በሻንጣ ሙላ ለሚገዛ ሰው የትርፍ ኪሎ ክፍያው ቅናሹን ይውጠዋል። አየር የሚያወጣው ፌስታል ቦታ እንጂ ክብደት አይቀንስም። ትኬትዎ ስንት ሻንጣ እንደሚፈቅድ አስቀድመው ይዩ፤ በጓደኛ በኩል የተገዛ ርካሽ ትኬት ሁልጊዜ ሁለት አይደለም።

ፕራቱናም ዙሪያ ያሉ የካርጎ ቤቶች በኪሎ ያስከፍላሉ፣ ነገር ግን ከሚዛኑና ከስፋቱ የሚበልጠውን ነው የሚወስዱት። በአየር ጭነት የካርቶኑ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ይካፈላል። 60 በ50 በ50 የሆነ ካርቶን ውስጡ 15 ኪሎ ቢሆንም የሚከፈለው የ25 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ልብሱን አጥብቆ ማሰርና ትንሽ ካርቶን መምረጥ ነው። ዋጋ ሲጠሩልዎ «አዲስ አበባ ላይ የጉምሩክ ማውጫውን ይጨምራል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። ከአንድ ዓይነት ብዙ ፍሬ የያዘ ሻንጣ ቦሌ ላይ እንደ ንግድ ዕቃ ስለሚታይ ለቤተሰብ ያሉትን ልክና ቀለም አቀላቅለው፣ የየሱቁን ደረሰኝ ደግሞ በእጅ ቦርሳ ይያዙ።